ፒያሳን እየሳልኩ ተቀርቅሬያለሁ፣ እስኪ እርዱኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ለቪዲዮ ጌም የሚሆን የፒያሳ ትዕይንት እየሳልኩ ነው። ዝናብ ያባራበት ምሽት፣ የምኒልክ ሐውልት ከፊት፣ ስምንት ማዕዘኑ የጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ከኋላ። ጓደኞቼ ሳሳያቸው "አሪፍ ነው" ብቻ ይሉኛል፤ አሪፍ ምን ያደርግልኛል? ጌም የሚሠራ አንድ ልጅ ግን "ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ አይገባውም" አለኝ። እውነት ለመናገር ተናድጄ ነበር፣ ቤት ገብቼ ስዕሉን ጥቁርና ነጭ አድርጌ ሳየው ግን ዓይኔ ሐውልቱን ዘሎ ጥግ ላይ የቆመችው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ላይ አረፈ። ላጥፋት ወይስ ብርሃኑን ወደ ሐውልቱ ላምጣው? ታክሲ የሌለበት ፒያሳ ደግሞ ፒያሳ አይመስለኝም። ቀለሙን ለጊዜው ተዉት፣ ገና ነው። ብርሃንና ጥላው ላይ ብቻ ሳትራሩ ንገሩኝ።