ልጄ መድረክ ላይ ደርቃ ቀረች፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ ልጅ መድረክ ላይ ያወጣችሁ እናቶች ምከሩኝ። ልጄ 6 ዓመቷ ነው። ልብስ የምትሰፋልን ሴት ለገና በምታዘጋጀው የልጆች የሀበሻ ልብስ ትርኢት ላይ እንድታሳይላት ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኩ። የቀረን ሁለት ሳምንት ነው።

ቤት ውስጥ ኮሪደሩን እንደ ሙሽራ ነው የምትንጎራደድበት። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ግን ሙዚቃው ሲጮህ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ከዚያ ቀሚሷን ገልባ ፊቷን ሸፈነች! አንዱ አስተባባሪ ደግሞ «ቆጣ በያት» አለኝ። ቁጣስ ለእሱ ነበር።

አሁን ቤት ውስጥ ሙዚቃ ከፍ አድርጌ፣ ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ «እዚህ ቁሚ፣ እስከ ሦስት ቁጠሪ፣ ዙሪ» እያልኩ አለማምዳታለሁ። ትርኢቱ ላይ ፊት ለፊቷ ብቀመጥ ይረዳታል? ወይስ ስታየኝ ሮጣ ትመጣለች?

ቀሚሱም ሌላ ጣጣ ነው። ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት ወፍራም ፈትል ነው፣ ይከብዳታል። ለከርሞም ይሆናታል ብዬ ያስረዘምኩት እኔው ነኝ፤ አሁን እየረገጠችው ትደናቀፋለች። ወደ ውስጥ አጥፌ ብሰፋው ጥለቱ ይደበቃል። ከወገቡ ላይ ማሳጠር ይቻላል? ነጠላዋስ እንዳይንሸራተት በመርፌ ቁልፍ ትከሻዋ ላይ ቢያያዝ ያስጠላል?

ሹሩባውንስ ስንት ቀን ቀደም ብዬ ላሠራት? ጠበቅ ሲል ራሷን ያማታል፣ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው የምታድረው።

አባቷ «ይቅርባት» ይላል። እሷን ስጠይቃት ግን «እሄዳለሁ፣ ግን ሰዎቹ አይዩኝ» አለችኝ። እስቲ ይሄን እንዴት አድርጌ ልፍታው?