የጂጂ አልበም "ለፈረንጅ ጆሮ" ነው የተሰራው?

የቻግኒዋ፦
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን አልለቀቀኝም። አቅራቢው ስለ ድምፃዊቷ ጂጂ (እጅጋየሁ ሽባባው) ያወራል። በስሟ ስለተሰየመው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ስለወጣው አልበም። "ድምጿ የኛ ነው፣ ሙዚቃው ግን ለፈረንጅ ጆሮ የተሰራ ነው" አለና አለፈ። እንግዳውም "ልክ ነው" አለ። በቃ። "ጉራማይሌ"ን፣ "አባይ"ን፣ "ዓድዋ"ን የያዘ አልበም በአንድ አረፍተ ነገር ተዘጋ። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር "ዓድዋ"ን የሚከፍተው ማነው? ፈረንጅ ነው? እስቲ ንገሩኝ።

ጋሽ ካሴት፦
እህቴ፣ ሰውዬው አልዋሸም። አልበሙን ያወጣው ፓልም ፒክቸርስ ነው፣ የክሪስ ብላክዌል ድርጅት። ቦብ ማርሌይን ለዓለም ያደረሰው ሰውዬ ማለት ነው። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል። እነ ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮአ ሳንደርስ፣ የአሜሪካ የጃዝ ሊቆች አሉበት። ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለመርካቶ ካሴት ቤት ነው? እኔ ጂጂን ከ"ፀሐይ" ካሴቷ ጀምሮ እወዳታለሁ። ስለምወዳት ነው የምናገረው። አልበሙ ሲመጣ ጓጉቼ ነበር የከፈትኩት። አንዱ ሬጌ፣ አንዱ ፈንክ፣ አንዱ ጃዝ። የቱ ጋ ልቀመጥ? ገና አንዱን ስለምድ ሌላ ቤት ይወስደኛል።

ቤዚስቱ፦
ጋሼ፣ ከስም ዝርዝሩ አንድ ሰው ዘለሉ። አቀናባሪው አበጋዝ ክብረወርቅ። ኪቦርዱ ላይ ያለው እሱ ነው። የአማርኛ ዘፈን ቅንብር ለሚያውቅ ሰው አበጋዝ ማን እንደሆነ አይነገረውም። እሱ ያለበትን ስራ "የፈረንጅ" ብሎ መጠቅለል አግባብ አይደለም።

ሜሪ፦
እኔ ግን የገረመኝ "ፈረንጅ ጆሮ" የሚለው ነገር ነው። ጆሮ ፓስፖርት አለው እንዴ?

ጋሽ ካሴት፦
ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ፈረንጅ አማርኛ አይሰማም። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮው የሚገባው ቤዙና ከበሮው ነው። ግጥሙ ለሱ ድምፅ ብቻ ነው። የኛ ሰው ደግሞ ዘፈን የሚሰማው ለግጥሙ ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። ፈረንጅ ጆሮ ያልኩት ግጥሙን የማይፈልገውን ጆሮ ነው። ያ አልበም የተቀነባበረው ለእንደዚያ አይነት ሰሚ ነው። ሙዚቃው ግጥሙን አያስቀድምም።

ሜሪ፦
እንግዲያው እኔ ፈረንጅ ነኝ ማለት ነው። አልበሙን መጀመሪያ የወደድኩት በቤዙ ነው። ግጥሙን የያዝኩት በኋላ፣ ደጋግሜ ስሰማ። ቤዙ ባይዘኝ ኖሮ ግጥሙ ጋ መድረሴንም እንጃ።

የቻግኒዋ፦
ጋሽ ካሴት፣ መጀመሪያ "ለፈረንጅ" ሲሉ ፓልም ፒክቸርስንና ሄርቢ ሃንኮክን ነበር የጠሩት። አሁን ደግሞ ነገሩ ግጥም ሆነ። የቱን እንመልስልዎት? እሺ፣ ግጥሙን እንያዝ። "አባይ"ን ሰምቶ ቃሉን የማያውቅ የኛ ሰው አሳዩኝ። ሕዳሴ ግድቡ ሲገነባ በየመድረኩ የተከፈተው ምኑ ነበር? ግጥሙ የተደበቀ ዘፈን እንዲህ በሰው አፍ ላይ ይኖራል?

ክራር ክር፦
እኔ ከጋሽ ካሴት ጋር ነኝ፣ ግን ምክንያቴ ይለያል። የሙዚቀኞቹ አገር አያሳስበኝም። የኔ ነገር ሙዚቃው መቼ ዝም እንደሚል ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አዝማሪው ስንኙን ሲያወርድ ማሲንቆው ዝቅ ይላል። ክሩን ይነካካዋል እንጂ አይጫወተውም። ቤቱ ጸጥ ይላል። ስንኙ ቤት ሲመታ ሰው "እሰይ!" ይላል፣ ያኔ ማሲንቆው ይነሳል። ይህ ዝም ማለት የሙዚቃው አካል ነው። የዚህ አልበም ባንድ ግን ስንኙን አይጠብቅም። እሷ "ተው አንተ ሰው" ላይ ቃሉን ስታወርድ ከስሯ ያለው ምት በራሱ መንገድ ይሄዳል። ደግ ሙዚቀኞች ናቸው፣ ግን ቋንቋውን ስለማያውቁ የት ዝም እንደሚባል አላወቁም።

ቤዚስቱ፦
ይሄ እስካሁን ከተባለው ሁሉ የተሻለ ነጥብ ነው። ግን አልስማማም። ቤዝ ተጫዋች ስለሆንኩ አልበሙን ቁጭ ብዬ አብሬው ተጫውቻለሁ። አንድ ነገር ላሳያችሁ። አንቺሆዬ ቅኝትን ውሰዱ። አምስት ድምፅ አለው። ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው። ሦስተኛውና አራተኛውም እንደዚያው ተጣብቀዋል። በዚህ ላይ የተለመደውን የፈረንጅ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ብትጭኑበት ወዲያው ይጋጫል። ፒያኖ ያለው ሰው ይሞክረው። ብዙ "ዘመናዊ" ቅንብር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኮርዱን ለማዳን ሲባል ቅኝቱን ያጣምሙታል።

ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው፣ ጆሮውም ከሬጌ በወጣው የዳብ ስልት የተሰራ ነው። ዳብ ኮርድ አይቆልልም። ቤዙን አንድ ቦታ ይተክለዋል፣ ከበሮውን ያስተጋባዋል፣ ከላይ ያለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው ጂጂ እንደልቧ ድምጿን የምታንቆረቁረው። ቅኝቷን የሚያጣምም ነገር የለም። ስለዚህ ክራር ክር፣ ዝም ማለት አለ። አንተ የምትፈልገው ምቱ እንዲቆም ነው። እዚህ ዝም ያለው ኮርዱ ነው።

ክራር ክር፦
ኮርዱ ዝም ብሎ ቤዙ ከጮኸ ለኔ ያው ነው። ስንኙ አልተጠበቀም።

ቤዚስቱ፦
"ዓድዋ"ንስ? ዝግ ያለ፣ ድምጿ ብቻዋን የምትቆምበት ነው። እዚያ ማን ጮኸባት?

ክራር ክር፦
"ዓድዋ" ከአልበሙ ሁሉ የኛ ሰው አንስቶ የወሰደው ለምን ይመስልሃል? ስንኙ ስለሚሰማ ነው! ራስህ መሰከርክልኝ።

የቻግኒዋ፦
"ጉራማይሌ"ንም የኛ ሰው አንስቶ ወስዶታል። እሱ ላይ ምቱ አንድም ቦታ አይቆምም። ሰርግ ላይ ሲከፈት ማንም አይቀመጥም። ለሚመችህ ዘፈን ብቻ ሕግ አታውጣ።

የድሮ ባንድ፦
ጋሽ ካሴት፣ እድሜያችን የሚቀራረብ ይመስለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ ስንሰማው የነበረው ካሴት ምን ነበር? በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊው የማታውን ሙዚቃ ገደለው። የትንፋሽ መሣሪያ የነበራቸው ባንዶች ተበተኑ። ቀስ በቀስ አንድ ኪቦርድ የሳክስፎኑንም፣ የቫዮሊኑንም፣ የከበሮውንም ቦታ ያዘ። እኔ ትራምፔት ነፊ ነበርኩ፣ ስራ ያጣሁት በዚያ ኪቦርድ ነው። አንተ "የኛ" የምትለው የካሴት ድምፅ ጃፓን የተሰራ ማሽን ውስጥ ያለ ከበሮ ነው። እሱ የኛ ሆኖ ሰው በእጁ የመታው ከበሮ የፈረንጅ የሚሆንበትን ምክንያት ንገረኝ።

ወደ ኋላም ሂድ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ናቸው የነሐስ መሣሪያውን የነፉልን። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሁሉ ጽፏል። ሙላቱ አስታጥቄ የ1972ቱን አልበም የቀረጸው ኒውዮርክ ነው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውንና ፉከራውን በሳክስፎን ሲያመጣው "ይሄ የፈረንጅ ጥሩንባ ነው" ያለው አልነበረም። በኋላም፣ በ2006፣ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንኮች ጋር አልበም ሰራ። ሽለላው አልጠፋበትም።

ጋሽ ካሴት፦
ወንድሜ፣ ትራምፔትህን ስለነጠቀህ ኪቦርድ አዝኛለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ምሳሌህ ለኔ ነው የሚያደላው። ጌታቸው ሳክስፎኑን ወደ ሽለላ አመጣው። ሽለላውን ወደ ሳክስፎን አልወሰደም። ሙላቱም ኒውዮርክ ይቅረጸው እንጂ ቅንብሩን የጻፈው ራሱ ነው። በዚህ አልበም ላይ ግን ሚዛኑን የያዘው ማነው? ላስዌል ነው። እሱ ሙዚቃውን አዘጋጀ፣ እሷ ዘፈነችበት።

የቻግኒዋ፦
እዚህ ላይ በጣም ተሳስተዋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። "ዘፈነችበት" ብሎ ነገር ምንድን ነው? ዜማው የማን ነው? ግጥሙስ? ከዚህ አልበም በፊት ራሷ ዜማና ግጥም እየሰራች የመጣች ልጅ ናት። በጂጂ አገር በቻግኒ ያደገ ሰው "ባለ ዋሽንቱ"ን ሲሰማ ያ ዜማ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። "ካህን"ን ሲሰማም እንደዚያው፣ የቤተክርስቲያኑ ዜማ እዚያው ውስጥ አለ። ሴት ስትሆን ጊዜ ሙዚቃው የፕሮዲውሰሩ ይሆናል፣ ሙላቱና ጌታቸው ሲሆኑ የራሳቸው! ይሄን ከእርስዎ አልጠበቅኩም።

ጋሽ ካሴት፦
እኔ ሴት ወንድ አላልኩም። አፌ ውስጥ ቃል አታስገቢ።

ሜሪ፦
አላሉም፣ ግን "ዘፈነችበት" ብለዋል። እስቲ መልሰው ያንብቡት።

ሰንበት፦
ጭቅጭቁ ጥሩ ነው፣ ግን ጃኖ ባንድንስ ረሳችሁት? "ኤርታሌ"ን በ2012 ያው ላስዌል ነው ፕሮዲውስ ያደረገው። ያኔም ሮክ ነው፣ የኛ አይደለም ተባለ። በ2018 ሮፍናን "ነጸብራቅ"ን ሲያወጣ ደግሞ ያ ሁሉ ኤሌክትሮኒክ ምት ከጭፈራችን ጋር ተቀላቅሎ ስቴዲየም ሙሉ ሰው ዘለለበት። ማንም "ለፈረንጅ ጆሮ" አላለውም። ምን ተለወጠ?

ክራር ክር፦
ሮፍናንን ከጂጂ ጋር አታወዳድር። እሱ ለማስጨፈር የተሰራ ነው።

ሰንበት፦
ማስጨፈር ነውር ነው እንዴ? እስክስታውስ ለምን ተፈጠረ? "ነጸብራቅ"ን ሙሉውን ሰምተኸዋል ወይስ ከባጃጅ ውስጥ ሲያልፍ?

ክራር ክር፦
ሰምቼዋለሁ። ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ለሱ ሌላ ቀን እንከራከር፣ አሁን ጂጂ ላይ ነን።

ቤዚስቱ፦
ሰንበት ያነሳው ግን ከነገሩ አይወጣም። በ2001 እንዲህ አይነት ድብልቅ የለመደ ጆሮ ጥቂት ነበር። አሁን ያለው ወጣት አንድ ማታ ላይ ከትዝታ ወደ ሂፕሆፕ፣ ከሂፕሆፕ ወደ ሬጌ ይሄዳል። "የቱ ጋ ልቀመጥ" የሚለው የጋሽ ካሴት ጥያቄ ለሱ ጥያቄ አይደለም። አልበሙ ቀድሞ መጣ እንጂ ያለ ቦታው አልመጣም።

ጋሽ ካሴት፦
እሺ፣ እኔ የምለውን አልሰማም ካላችሁ እሷን ራሷን ስሟት። በ2003 በአቢሲኒያ ኢንፊኒት ስም "ዛየን ሩትስ"ን አወጣች። ክራሩና ማሲንቆው ጎልቶ ይሰማል። ያ ሁሉ የጃዝ ሊቅ የለም። ምን ጎደላት? ምንም! እንዲያውም ስንኟ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። ያ የመጀመሪያው ሁሉ ግርግር አያስፈልጋትም ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

ቤዚስቱ፦
ጋሼ፣ "ዛየን ሩትስ"ንም የሰራው ያው ላስዌል ነው። ፈረንጅ ጆሮ ያሉት ሰውዬ ክራሩንም ቀረጸው። አሁንስ የማን ጆሮ ሊሉት ነው?

የድሮ ባንድ፦
ይሄን አላወቅኩም ነበር። ጋሽ ካሴት፣ መልስ አለህ?

ክራር ክር፦
እኔ ልመልስ። ሰውዬው ክራር መቅረጽ ይችላል፣ ያ ክብሩ ነው። ግን በዚያው ዓመት "ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ"ንም አውጥቷል። የ2001ዱን አልበም ራሱን ወስዶ ወደ ዳብ ቀየረው። የጂጂ ድምፅ ከሩቅ ብልጭ እያለ ይጠፋል፣ ስንኙ ተቆርጦ ቀርቷል፣ የቀረው ማስተጋባት ነው። ጋሽ ካሴት "ግጥሙን የማይፈልግ ጆሮ" ያሉት ይኸው ነው። እኔ አልፈጠርኩትም፣ አልበሙ ገበያ ላይ አለ።

ሜሪ፦
እሱ ሪሚክስ ነው! ሪሚክስ በዋናው አልበም ላይ አይፈረድበትም።

ክራር ክር፦
ሪሚክስ የሰሪው ልብ ምን እንደሚፈልግ ያሳያል። ድምጿን ሲያወጣው ሙዚቃው ቆሞ ይሄድለታል። ይህ ማለት መጀመሪያም ሙዚቃው በድምጿ ላይ አልተመሰረተም ማለት ነው።

ቤዚስቱ፦
በተቃራኒው ነው! እኔ "ኢሉሚኔትድ"ን ስሰማ የማስበው ድምጿ መቼ ይመለሳል እያልኩ ነው። ስትመጣ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ብትልም ሙዚቃው ሁሉ ወደ እሷ ይዞራል። ያለ እሷ እንደማይቆም ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ጋሽ ካሴት፦
ቆይ፣ አንተ ራስህ "መቼ ትመለሳለች" ብለህ ከጠበቅክ ምኑን ተከራከርከኝ? እኔም ከ2001 ጀምሮ የምለው እሱን ነው።

የቻግኒዋ፦
ጋሽ ካሴት፣ እርስዎ ያሉት "ለፈረንጅ ጆሮ" ነው። እሱን ቃል ሳያነሱት ወደ ሌላ አይሂዱ። ሬዲዮውም የተናገረው እሱን ነው፣ እኔም የተቆጣሁት በሱ ነው።

ጋሽ ካሴት፦
አላነሳም። "ግጥሙን የማይፈልግ ጆሮ" ብዬ ተርጉሜዋለሁ፣ በሱ ያዙኝ።

ሜሪ፦
እሺ፣ እኔ ግጥሙን በቃሌ የማውቀው ልጅ፣ በቤዝ ገብቼ ግጥም ያገኘሁት፣ የየትኛው ጆሮ ባለቤት ነኝ? ለሱ እስካሁን አልመለሱልኝም።