የዳንቴን ሲኦል በንባብ ቡድን ስናነብ ኃጢአቱና ቅጣቱ አልገጥም አለን

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ከሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ 12 አንባቢዎች ነን፤ አሁን የጣሊያናዊውን ባለቅኔ የዳንቴን «መለኮታዊ ኮሜዲ» የመጀመሪያ ክፍል፣ ሲኦልን፣ ይዘናል። በሳምንት ያለን ጊዜ 2 ሰዓት ብቻ ስለሆነ 34ቱንም ካንቶ (የግጥሙን ምዕራፎች) አንዘልቃቸውም። ሰባቱን ዐበይት ኃጢአቶች ከሲኦሉ ዘጠኝ ክበቦች ጋር ልናዛምድ ሞክረን ለትዕቢትና ለቅናት ቦታ አጣን። ቅጣቱም አንዳንዱ ወለል ብሎ ይታያል፣ አንዳንዱ ግን ለምን ለዚያ ኃጢአት እንደተሰጠ አይገባንም። መጨረሻው ለምንድን ነው በረዶ የሆነው? የትኞቹን ካንቶዎች እንምረጥ? በአማርኛ ስናወራስ «ሲኦል» እንበል ወይስ «ገሃነም»?

መልስ 1፦ ፋኖስ

ሰባቱን ለጊዜው ተዉአቸው። እነሱ ያሉት በግጥሙ ሁለተኛ ክፍል፣ ነፍሳት ከኃጢአት በሚነጹበት በመንጽሔ ተራራ ሰባት እርከኖች ላይ ነው። ሲኦሉ የሚከፋፈለው በሌላ መንገድ ነው፤ ቁልፉም ካንቶ 11 ላይ አለ። ከታች የሚወጣው ግማት ስለከበዳቸው ዳንቴና መሪው፣ ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል፣ ከአንድ መቃብር ጀርባ ተጠግተው አፍንጫቸው እስኪለምድ ይቆያሉ፤ በዚያች ፋታ ቨርጂል የቀረውን መንገድ ያስረዳዋል። 115 ስንኝ ብቻ ናት። ታሪክ ስለሌላት ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚያ ነው።

መሠረቱ አርስቶትል ነው። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ክበብ ያሉት ራሳቸውን መግዛት ያቃታቸው ናቸው፦ ፍትወት፣ ሆዳምነት፣ ንፍገትና አባካኝነት፣ ቁጣ። 7ኛው ግፈኞች ናቸው። 8ኛው አታላዮች፣ 9ኛው ከሃዲዎች። ማታለል ከመግደል በታች የወረደው ለምንድን ነው ብትሉ፣ ጉልበት አውሬም አለው፤ አእምሮን ለተንኮል ማዋል ግን የሰው ብቻ ነው። (1ኛውና 6ኛው፣ ማለትም ያልተጠመቁ ደጋጎችና መናፍቃን፣ ከዚህ አከፋፈል ውጭ ናቸው።) ትዕቢትና ቅናት ክበብ ያጡት እዚህ የሚፈረደው በተሠራ ሥራ እንጂ በልብ ዝንባሌ ስላልሆነ ነው።

ወደ ቅጣቱ ልምጣ። ዳንቴ ራሱ «ኮንትራፓሶ» (ኃጢአቱን የሚመስል ቅጣት) የሚለውን ቃል የተጠቀመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካንቶ 28፣ የመጨረሻው ስንኝ። ተናጋሪው ልጅን በንጉሥ አባቱ ላይ ያስነሣው ባለቅኔ ቤርትራን ደ ቦርን ነው። የተቆረጠ ራሱን በፀጉሩ አንጠልጥሎ እንደ ፋኖስ እያወዛወዘ ይመጣል፤ ድልድዩ ሥር ሲደርስ ቃሉ እንዲሰማ ራሱን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል። የተዋሐዱትን ለይቷልና እሱም ከግንዱ ተለየ።

ከዚህ ተነሥታችሁ በእያንዳንዱ ካንቶ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰውነቱ ምን ሆኗል? ቅጣቱ የኃጢአቱ ቅጥያ ነው ወይስ ግልባጩ? ነፍሱ ስለ ራሷ የምትለው ከምናየው ጋር ይስማማል? ካንቶ 5 ላይ ያለው ነፋስ ቅጥያ ነው፤ በሕይወት ሳሉ ስሜት ያንገላታቸው አሁንም ሲንገላቱ ይኖራሉ። ካንቶ 20 ግልባጭ ነው፤ የወደፊቱን እናያለን ያሉ ጠንቋዮች ፊታቸው ወደ ጀርባቸው ዞሮ የኋሊት ይራመዳሉ፣ እንባቸውም በጀርባቸው ይወርዳል።

ሦስተኛዋን ጥያቄ አትተዉ። ካንቶ 5 ላይ ከፍቅረኛዋ ከፓውሎ ጋር በነፋሱ የምትንገላታው ፍራንቼስካ ስትናገር አንጀት ትበላለች፤ ዳንቴም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ግን ንግግሯን ቃል በቃል ተከተሉት። ሦስት ተከታታይ አንጓዎችን (ባለ ሦስት ስንኝ ክፍሎችን) «ፍቅር» ብላ ትከፍታለች፤ የሚያደርገው ሁሉ ፍቅር ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ አብረው ያነበቡት መጽሐፍ። «እኔ አጠፋሁ» የሚል አንድም ቃል የለም። ፓውሎ ከጎኗ ያለቅሳል እንጂ አንድም ቃል አይተነፍስም። አብዛኛው ቡድን እዚህ ላይ «ፍርዱ ጨካኝ ነው» ብሎ ይቆማል፤ የቅጣቱ ግማሽ ግን አሁንም ራሷን እያታለለች መሆኗ ነው።

በረዶውም በዚሁ ይፈታል። የሉሲፈር ስድስት ክንፎች ሲማቱ የሚነሣው ነፋስ በሲኦሉ ግርጌ ያለውን ሐይቅ፣ ኮቺቶስን፣ ያቀዘቅዘዋል። ክህደት የሞተ ፍቅር ነውና ሙቀት የለውም። ካንቶ 33 ላይ እንግዳቸውን በማዕድ የካዱትን ተመልከቱ፦ በጀርባቸው ተንጋለው፣ መጀመሪያ የወጣው እንባ ዓይናቸው ላይ እንደ መስታወት ረግቶ ተከታዩን ይዘጋበታል፤ ልቅሶው መውጫ አጥቶ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሥቃዩን በብዛት እየመዘናችሁ «የትኛው ይከፋል» ካላችሁ ይህ ሁሉ ያመልጣችኋል።

መልስ 2፦ ኅብረ ቃል

ወንድሜ ፋኖስ ባለው ላይ ልጨምር። «ሲኦል» በሉት። በዳንቴ የመጨረሻው ፍርድ ገና አልመጣም። ካንቶ 6 ላይ ከትንሣኤ በኋላ ነፍስ ከሥጋዋ ስትገናኝ ሥቃዩ እንደሚጨምር ይነግረናል፤ ካንቶ 10 ላይ የመናፍቃኑ መቃብር እስከዚያ ቀን ክፍት ነው። በእኛ አነጋገር እስከ ፍርድ ቀን ያለው ሲኦል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ገሃነም ነው። ካደባለቃችሁት እነዚህ ቦታዎች ትርጉም ያጣሉ።

ከራእየ ጴጥሮስ አጠገብ ብታነቡት ደግሞ ብዙ ይከፈትላችኋል። የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ከግሪኩ ቁርጥራጭ ሲቀር እጅግ የተሟላው ቅጂ የተረፈው በግዕዝ ነው። እዚያ ተሳዳቢው በምላሱ ይሰቀላል፤ ለመበለትና ለሙት ልጅ ያልራራው ባለጠጋ ቡትቶ ለብሶ ይሠቃያል። ራእየ ጳውሎስ ይህን መንገድ ተከትሎ በላቲን በሰፊው ተነቧል፤ ዳንቴም ካንቶ 2 ላይ «እኔ ጳውሎስ አይደለሁም» ይላል። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ በራእየ ጴጥሮስ ብዙውን ጊዜ የሚቀጣው የበደለው አካል ነው፤ በዳንቴ ግን ኃጢአቱ ራሱ መልክ ይዞ ይታያል።

ካንቶ 20 ላይ አንዲት ኅብር አለች። ዳንቴ ስለ ጠንቋዮቹ ሲያለቅስ ቨርጂል «እዚህ ፒየታ የምትኖረው ፈጽማ ስትሞት ነው» ብሎ ይገሥጸዋል። ፒየታ በጣሊያንኛ ርኅራኄም ነው፣ እግዚአብሔርን መምሰልም ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይኖራል። በአማርኛ «ምሕረት» ብላችሁ ካለፋችሁት ሰሙን ይዛችሁ ወርቁን ጣላችሁ፤ ቃሉን እንዳለ አንብቡና ሁለቱንም ፍቱ።

ጊዜ ካላችሁ ከሲኦሉ ወጥታችሁ የመንጽሔን ካንቶ 5 ከበላኤ ሰብእ ጋር አንብቡ። በላኤ ሰብእ 78 ነፍስ በልቶ በማርያም ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ይድናል። በመንጽሔው ካንቶ ያለው ወታደር ቦንኮንቴም ጉሮሮው ተወግቶ የማርያምን ስም ጠርቶ ይሞታል፤ ነፍሱን የተነጠቀው ሰይጣን «በአንዲት ጠብታ እንባ ቀማኸኝ» ብሎ መልአኩ ላይ ይጮኻል።

ጠያቂዋ፦ ቅዳሜ ከሰዓት

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። መምህር ኅብረ ቃል፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመካከላችን ጥቂት ስንኞችን በአማርኛ ግጥም ልንመልስ የምንፈልግ አለን። ቤት አመታቱን እንዴት እንያዘው?

መልስ 3፦ ሦስት ስንኝ

መጀመሪያ ስለ ምርጫው። አራት ቅዳሜ ይበቃችኋል፦ 3 እና 5፣ 11 እና 13፣ 20 እና 28፣ 33 እና 34። አንዱ ካንቶ ከ115 እስከ 157 ስንኝ ነው፤ ጮክ ብሎ ለማንበብ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሁለት ጊዜ አንብቡት። ስለ ፍሎረንስ ፖለቲካ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ከገባችሁ ሰዓቱ እዚያው ያልቃል፤ በአንድ ካንቶ ውስጥ ከተጠቀሱት ሰዎች የሁለቱን ማንነት ብቻ አስረዱ።

ቤቱን በተመለከተ፣ ሚበዝኁ የተባለው የግዕዝ ቅኔም ሦስት ስንኝ ነው፣ ግን ሦስቱም አንድ ቤት መትተው ይዘጋሉ። ዳንቴ ጋር የመካከለኛው ስንኝ ቤት ወደሚቀጥለው አንጓ ይሻገራል። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግስ ስለሚዘጋ በየስንኙ ግስ ካስቀመጣችሁ ከአሥር አንጓ በኋላ ጆሮ ይሰለቻል። ግሱን ወደ መሐል ግፉት፣ ስም ስንኙን ይዝጋ። የካንቶ 3 በር ሲናገር፦

በእኔ ይገባል ወደ ጭንቅ ከተማ፣
በእኔ ይገባል ወደ ዘላለም ሥቃይ፣
በእኔ ይገባል ወደ ጠፉት ነፍሳት ጨለማ።
የፈጠረኝን ፍትሕ አነሣሣው ከላይ፤

«ሥቃይ» «ላይ»ን ጠርቶ ሰንሰለቱ ቀጠለ። «ጨለማ» ግን ጣሊያንኛው ላይ የለም፤ «ከተማ»ን ለማጀብ የገባ ነው። እንዲህ ያለ ቃል በአንጓ ከአንድ በላይ ከሆነባችሁ ቤቱን ትታችሁ የሦስት ስንኙን አከፋፈል ብቻ ጠብቁ።