አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ዋይፋዩ እምቢ አለኝ (ድሬ፣ ከዚራ)

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

ሰላም የድሬ ልጆች። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ሥራ ቆሞብኛል።

ከዚራ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። የምኖረውም እዚያው ከጀርባ ነው። ዋይፋዩ የአከራዬ የሐጂ ነው፣ በየወሩ አዋጥቼ እጠቀማለሁ። ደንበኞች ፋይላቸውን በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔም ከስልኬ ፕሪንት አደርጋለሁ። ስልኬ ከሌለ ሱቁ የለም ማለት ነው።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። 4 ሰዓት አካባቢ ሲመጣ ስልኩ ሳምንት ሙሉ «አዲስ አፕዴት አለ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ስለነበር ዛሬስ ልገላገለው ብዬ አስጀመርኩትና ተኛሁ። ጠዋት አልቋል፣ ስልኩም ራሱን አጥፍቶ አብርቷል። አልጋ ላይ ሆኜ ቴሌግራም ሳይ ደህና ነበር። ሱቅ ከፍቼ ሥራ ስጀምር ነው ጉዱ የመጣው። ዋይፋዩ «ኮኔክትድ» ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ «ኢንተርኔት የለም»። አንዳንዴ ለደቂቃ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠፋል።

ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ዋይፋዩን ፎርጌት አድርጌ ፓስወርዱን እንደገና አስገባሁ። ጭራሽ ባሰበት! አሁን መገናኘቱንም ትቶታል። ትንሽ ይሞክርና «ሴቭድ» ብሎ ቁጭ። ፓስወርዱ ልክ ነው፣ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ።

የካርድ ዳታ ይሠራል። የሐጂ ልጅ ስልክ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። የሱቁ ኮምፒውተርም ኢንተርኔቱ ሰላም ነው። ፕሪንተሩ ግን እሱም ዛሬ አኩርፎኛል፣ ቀን ሲጥል እንዲህ ነው።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ በቅጡ ሳያየው «አፕዴቱ የዋይፋይ አይሲውን (ቺፑን) አቃጥሎታል፣ 3,500 ብር» አለኝ። ልክፈል? ወይስ አፕዴቱን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?

አቦ_ሳቢያን፦

ወንድሜ ምን ታስባለህ አቦ፣ ፋክተሪ ሪሴት አድርገውና ተገላገል። የእኔም እንዲህ ሆኖ በሪሴት ነው የዳነው።

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ 😄 ደግሞስ የደንበኛ መታወቂያ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ነገር ስልኩ ላይ አለ። እሱን ሁሉ አጥፍቼ ባይሠራስ?

ጥገና_ታይዋን፦

ሪሴት እንዳትነኪ! የመጨረሻው መጨረሻ ነው እሱ።

እኔ እዚሁ ድሬ ታይዋን ሰፈር ስልክ እጠግናለሁ፣ ስለዚህ የሙያ አጋሬን ማማት አይሁንብኝ። ግን አይሲ ሞቷል የሚባለው ተፈትሾ ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ በአብዛኛው ስልክ ላይ በአንድ ቺፕ ነው የሚሠሩት። ቺፑ ከሞተ ብሉቱዙም አብሮ ይታመማል። የዋይፋዩ ማብሪያ ሲነኩት አይበራም ወይ ደብዝዞ ይቀራል፣ ከበራም በአካባቢው ያለ አንድም ዋይፋይ አያሳይም። ያንቺ ግን የሐጂን ዋይፋይ ያያል፣ ጠዋት አልጋ ላይም ሠርቶልሻል። የሞተ ነገር ጠዋት ጠዋት አይነሳም።

በዚህ ሙቀት ባትሪው አብጦ የሚመጣልኝ ስልክ ብዙ ነው። ድሮውንም ብየዳው የላላ ቺፕ አፕዴት ሲጫን በሚፈጠረው ሙቀት ሊለቅ ይችላል፣ አልክድም። ሶፍትዌር ብቻውን ጤነኛ ቺፕ አቃጠለ ሲሉኝ ግን አልቀበልም።

አሁን አንድ ነገር ሞክሪ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። የሌላ ሰው ስልክ ላይ ሆትስፖት አስከፍቺና ያንቺን አገናኚው። ኢንተርኔት ከሠራ ስልክሽ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ በስልክሽና በሐጂ ራውተር መካከል ነው። 3,500ውን ኪስሽ መልሺው።

አፕዴቱን ወደ ኋላ መመለስ የምትይውን እርሺው። ብዙ ስልክ አይፈቅድም፣ የሚፈቅደውም ዳታሽን ጠርጎ ነው።

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

በጎረቤቴ ሆትስፖት ሞከርኩት። ይሠራል! ብሉቱዙም ይሠራል። ተባረክ ወንድሜ። ታዲያ የሐጂን ዋይፋይ ምን ነካው? የሁሉም ሰው ይሠራል እኮ።

ጁገል_ሐረር፦

ጉዳይሽን መጥለፌ ካልሆነ የእኔም ከአፕዴት በኋላ ነው የጀመረው። ጁገል ውስጥ የቆየ ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) ውስጥ ነው የምኖረው፣ ግንቡ ክንድ ሙሉ ድንጋይ ነው። በፊት ነደባው (መቀመጫ መደቡ) ላይ ተቀምጬ ቪዲዮ አይ ነበር። አሁን አንድ መስመር ይመጣና ይቆረጣል። ራውተሩ በግቢው ማዶ ያለው ክፍል ነው። ሁለት ስም ያወጣል፣ አንደኛው መጨረሻው ላይ 5ጂ የሚል አለበት።

ገመድ_አልባ፦

ሁለታችሁንም ልመልስ። ጁገል፣ ያንተ ቀላል ነው። 5ጂ የሚለው የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው፣ ከሲም ካርዱ 5ጂ ጋር አይገናኝም። ፍጥነት አለው፣ ግን ግንብ ሲያይ ይሞታል። ያኛው 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳ ያልፋል። ስልክህ ሁለቱንም ፓስወርድ ስለሚያውቅ አሁን 5ቱን መርጦ ተጣብቆበት ይሆናል። 5ጂ የሚለውን ብቻ ፎርጌት አድርገው፣ በሌላኛው ይቆይ። ከዚያ ውጭ የሐረርን ድንጋይ የሚበሳ ዋይፋይ ገና አልተሠራም።

እህታችን፣ ላንቺ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሐጂ ወይም ልጁ ራውተሩ ላይ የሰዎችን ስልክ ይመዘግባሉ? ማለቴ ፓስወርዱን ያወቀ ሁሉ መግባት ይችላል ወይስ እነሱ የፈቀዱለት ብቻ?

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

አዎ! መጀመሪያ ስገባ ልጁ ስልኬን ተቀብሎ ከውስጡ የሆነ ቁጥር ቀድቶ አስመዝግቦልኛል። ሰፈሩ በሙሉ ፓስወርዱን እየተቀባበለ ስላስቸገራቸው ነው። አንድ ነገርም ነካክቶ ነበር፣ ምን እንደሆነ አላስታውስም።

ገመድ_አልባ፦

እሱ ነው። ተያዘ።

የቀዳው ቁጥር ማክ አድሬስ ይባላል፣ የስልክሽ የዋይፋይ መታወቂያ በይው። ድሮ አንድ ስልክ አንድ ቋሚ ማክ ነበረው፣ የትም ሲገባ እሱኑ ያሳያል። ይህ ደግሞ ሰውን ከቦታ ቦታ ለመከታተል ያመቻል ተብሎ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ስልኩ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የተለየ የውሸት ማክ እየፈጠረ ማሳየት ጀመረ። አይፎንም በ2020 በአይኦኤስ 14 ተከተለ፣ እዚያ ፕራይቬት አድሬስ ይሉታል። የሐጂ ልጅ ያን ዕለት የነካካው ይህንን ነው። የውሸቱን አጥፍቶ በዋናው ማክ እንድትገቢ አድርጎ ዋናውን መዘገበ። ጎበዝ ልጅ ነው።

አንቺ ዛሬ ፎርጌት ስታደርጊው ግን የጠፋው ፓስወርዱ ብቻ አይደለም። ለዚያ ዋይፋይ ብቻ ተብሎ የተስተካከለው ሴቲንግ አብሮ ጠፋ። እንደገና ስትገቢ ስልኩ ወደ ልማዱ፣ ወደ ውሸቱ ማክ ተመለሰ። ራውተሩ አላወቀሽም፣ በሩ ላይ መለሰሽ። ስለዚህ ይቺኛዋን ያመጣሻት ራስሽ ነሽ፣ አፕዴቱ የለበትም።

ሴቲንግ ግቢ፣ ዋይፋይ፣ የሐጂን ዋይፋይ ነክተሽ ዝርዝሩን ክፈቺ። ፕራይቬሲ ወይም ማክ አድሬስ ታይፕ የሚል ታገኛለሽ። ራንደማይዝድ ከሚለው ወደ ፎን ማክ ቀይሪው። እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ማክ አድሬሱን እዪው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምልክቶች ሁለተኛዋ 2፣ 6፣ ኤ (A) ወይም ኢ (E) ከሆነች የውሸቱ ነው።

አቦ_ሳቢያን፦

ወላሂ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት። ሪሴቱን ሰርዣለሁ አቦ 😂

ገመድ_አልባ፦

ሪሴትማ ያባብሰው ነበር። ፋክተሪ ሪሴት ሲደረግ የውሸቱ ማክም ይቀየራል፣ ዳታውም ይጠፋል፣ በሩም ዝግ ነው። ሦስት ኪሳራ።

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

ቀየርኩት፣ ወዲያው ገባ! እልል ልል ስል ግን ተመልሶ «ኢንተርኔት የለም» አለ። እንደ ጠዋቱ። ይመጣል፣ ይጠፋል። አሁንስ አለቀስኩ።

ገመድ_አልባ፦

አብሽሪ። ሁለት በሽታ ነው የያዘሽ፣ አንዱን ነው ያዳንነው። ይሄኛው የጠዋቱ ነው። ዝርዝሩ ላይ አይፒ አድሬስ የሚለውን፣ ራውተሩ ለስልክሽ የሰጠውን ቁጥር፣ አንብቢልኝ።

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

192.168.1.3

ጥገና_ታይዋን፦

ቆይ ቆይ። ፕሪንተሩ አኩርፏል ብለሽ አልነበር? እሱም በዋይፋይ ነው? ጠዋት አልጋ ላይ ደህና ሆኖ ሱቅ ስትከፍቺ ነው የተበላሸው ብለሻል። ሱቅ ስትከፍቺ መጀመሪያ የምታበሪው ምንድን ነው?

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

ፕሪንተሩን 😳 አዎ በዋይፋይ ነው። የገጠመልኝ ልጅ አይፒውን ቋሚ አድርጎታል፣ ኮምፒውተሩ እንዳይጠፋበት ብሎ።

ጥገና_ታይዋን፦

በይ አሁን ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ንቀይና ስልክሽን እዪ።

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

ኧረ በስመአብ! ነቀልኩት፣ ኢንተርኔቱ መጣ። ሰካሁት፣ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። እንደገና ነቀልኩት፣ መጣ። ምን ዓይነት ድግምት ነው ይሄ?

ገመድ_አልባ፦

ድግምት አይደለም፣ መብራቱ ነው። ጥገና ቀደመኝ፣ እኔ ፕሪንተሩን ረስቼው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራውተሩ ለሚመጣው መሣሪያ ሁሉ ቁጥር ያድላል፣ 1.2፣ 1.3፣ 1.4 እያለ። ርካሽ ራውተር ደግሞ ለማን ምን እንደሰጠ የሚይዘው እስኪጠፋ ድረስ ነው። ትናንት መብራት ሄደ፣ ማስታወሻው ተሰረዘ። ሲመጣ ሱቁ ዝግ ነው፣ ፕሪንተሩ አልበራም። ያንቺ ስልክ አፕዴቱን ጨርሶ ራሱን አጥፍቶ ሲያበራ አዲስ ቁጥር ጠየቀ። ራውተሩ አየት አደረገ፣ 1.3 ላይ ማንም የለም፣ እንቺ አለሽ። ጠዋት ፕሪንተሩ ሲነሳ ማንንም አይጠይቅም፣ 1.3 የእኔ ነው እንዲል ተደርጎ የተገጠመ ነው። አንድ ቤት ለሁለት ተከራይ ተሰጠ በይው። ፖስታው አንዴ ለአንቺ አንዴ ለእሱ ይደርሳል። ኢንተርኔትሽ ብቅ ጥልቅ የሚለው፣ ፕሪንተሩም ያኮረፈው ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ ቁጥሩ ሌላ ስለሆነ አልተነካም። ከምሽቱ ሁሉ አፕዴቱ ያደረገው ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ነው፣ እሱንም በክፉ ሰዓት።

አሁን ፎርጌት፣ ሪስታርት እያልሽ አትድከሚ፣ ራውተሩ ያንኑ 1.3 መልሶ ሊሰጥሽ ይችላል። መነካት ያለበት ፕሪንተሩ ነው። የሐጂ ልጅ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ከየት እስከ የት እንደሚያድል ይይልሽ። ለምሳሌ ከ2 እስከ 100 ከሆነ ለፕሪንተሩ 192.168.1.200 ስጡት፣ እዚያ ማንም አይመጣበትም። ኮምፒውተሩና ስልኩ ላይ ያለውን የድሮ ፕሪንተር አጥፍታችሁ በአዲሱ ቁጥር ጨምሩት፣ ያለዚያ በ1.3 ሲፈልገው ይውላል።

ጁገል_ሐረር፦

5ጂውን ፎርጌት አደረግኩት፣ ነደባዬ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ቪዲዮው ትንሽ ይጎተታል እንጂ አይቆረጥም። ግን አንድ ልጠይቅ፣ እኔም መብራት በሄደ ቁጥር ይሄ ግጭት ይደርስብኛል?

ገመድ_አልባ፦

ቋሚ ቁጥር የተሰጠው ዕቃ ከሌለህ ብዙም አይደርስብህም። ፕሪንተር፣ ካሜራ ምናምን ያለው ሰው ነው የሚቸገረው።

አቦ_ሳቢያን፦

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። 3,500 ብር የጠየቀው ልጅ አይሲውን ቢቀይረው ምን ሊል ነበር?

ጥገና_ታይዋን፦

ሱቁ ውስጥ በራሱ ዋይፋይ አገናኝቶ «ይኸው ሠራ» ይላታል። ይሠራላትም ነበር እኮ። ቤቷ ስትገባ ነው የምታውቀው። ለዚህ ነው ሆትስፖት መጀመሪያ የምለው።

ፎቶኮፒ_ከዚራ፦

የሐጂ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ ጠብቄ ነው የዘገየሁት። ልክ ናችሁ፣ ራውተሩ የሚያድለው ከ2 እስከ 100 ነው። እንዳላችሁት ቀየርነው። ስልኩም፣ ፕሪንተሩም፣ ኮምፒውተሩም ሦስቱም አብረው እየሠሩ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቀኝ የነበረችው ተማሪም 84 ገጿን ይዛ ሄደች። ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ «እኔ መብራቱ ሲሄድ ራውተሩም ደህና ዕረፍት ያገኘ መስሎኝ» ብለው ስቀውብኛል።

192.168.1.200 የሚለውን በወረቀት ጽፌ ፕሪንተሩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ከዚራ የሚያልፍ ካለ ፎቶ ኮፒ በእኔ ነው፣ እስከ አሥር ገጽ 😄