ድር የሸማኔው ነው ወይስ የሸረሪቷ?

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የምትለው ሸረሪት ናት። አባባሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስም ሸረሪቷ አትቀርም። እኔ ግን ይሄ ድር የሸማኔው ድር ነው ባይ ነኝ። እንዲያውም ዛሬ ድር የምንለውን ሁሉ፣ ስልካችን ላይ የምንከፍተውን ድረ ገጽ ጨምሮ፣ በትክክል ለመረዳት ከሸማኔው መነሳት ያስፈልጋል።

ጥጡ ይፈለቀቃል፣ ፍሬው ይወጣለታል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ ልቃቂት ይሆናል። ክሩ ሸማኔው እጅ ሲገባ ግን ሁለት ስም ያወጣል። በቁመት ተወጥሮ የሚዘረጋው ድር ይባላል። በመወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተላከ በድሩ መሃል የሚገባው ደግሞ ማግ ነው። ድር ቀድሞ ይዘረጋል፤ ማግ ይከተላል። አንዱ ያለ ሌላው ጨርቅ አይሆንም። ተፋቅረው የሚኖሩ ባልና ሚስትን፣ ወይም የማይለያዩ ጓደኛሞችን "ድርና ማግ ናቸው" የምንለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ሸማው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድሩ እንደተወጠረ ነው። ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይፋተጋል። ማግ ያን ያህል ጭንቅ የለበትም። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር ይገዛል፤ በእጅ የተፈተለውን ለማግ ያደርገዋል። የፋብሪካው ክር እኩል የተገመደ ስለሆነ ውጥረቱን ይችላል። የእጅ ፈትሉ ደግሞ ለስላሳነቱንና ሙቀቱን ለሸማው ይሰጣል። በሸማኔው ዓለም ድር ማለት እንግዲህ ጉልበት የሚጠየቅ ክር ነው።

አሁን ወደ አባባሉ እንመለስ። አንዷ ክር በጣት ትበጠሳለች። ብዙ ሆና፣ ተወጥራ፣ አብራ ስትቆም ግን ሌላ ነገር ናት። ገመድ የሚገመደውም ክር ከክር ጋር እያበረ ነው። አንበሳ የሚታሰረው በገመድ ነው። ሥዕሉ ያለ ምንም ጥረት ይገጥማል።

የቃሉ አጠቃቀምም የሚነግረን ነገር አለ። በአማርኛ "ድር" ብቻውን ሲቆም የሸማኔው ነው። የሸረሪቷን ስንፈልግ "የሸረሪት ድር" እንላለን፤ ባለቤቷን እንጨምራለን። የሚጨመርበት ቃል ከሌላ ቦታ የተዋሰ ቃል ነው ብዬ አምናለሁ። በነገራችን ላይ የአባባሉ መጨረሻ "ያስራል" ያልሆነው "ያብር" ከሚለው ጋር ቤት እንዲመታ ነው። ምት ያለው ንግግር ቃሉን ያሳጥራል፤ ትርጉሙን ግን አይነካውም።

ሸረሪቷን ከአባባሉ የሚያርቃት ሌላም ነገር አለ። በእኛ አነጋገር የእሷ ድር የብርታት ምሳሌ ሆኖ አያውቅም። "ሸረሪት ያደራበት ቤት" ስንል ሰው የራቀውን፣ የተተወውን ቤት ማለታችን ነው። የሃይማኖት መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 8 ላይ እግዚአብሔርን የሚረሳ ሰው መታመኛው እንደ ሸረሪት ቤት ነው ይባላል። ቁርኣን ውስጥ 29ኛው ሱራ በሸረሪት ስም የተሰየመ ሲሆን፣ 41ኛው አንቀጹ ከቤት ሁሉ ደካማው የሸረሪት ቤት መሆኑን ይናገራል። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ይህን ሲሰማ የኖረ ሕዝብ፣ አንበሳ ለማሰር የሸረሪትን ድር ይመርጣል ማለት ይከብደኛል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 59 ነው። ክፉዎች የሸረሪት ድር ይሠራሉ፤ ድራቸው ግን ልብስ አይሆንም ይላል። በአማርኛ ስናነበው ሁለቱ ድሮች እዚያው ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ድር ነው ካላችሁ ልብስ ሊሆን ይገባ ነበር፤ የሸረሪቷ ግን አይሆንም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ በሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አንድ ጨርቅ ለእይታ ቀርቦ ነበር። የተሠራው ማዳጋስካር ውስጥ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ሸረሪቶች ሐር ነው። ሸረሪቶቹ ከዱር ይሰበሰባሉ፤ በእጅ በሚዞር መሣሪያ በአንድ ጊዜ የ24ቱ ሐር ይሳባል፤ ከዚያ ይለቀቃሉ። የተሳበው ተገምዶ ክር ይሆናል። ጨርቁ ቀለም አልነካውም፤ ወርቃማ መልኩ የሸረሪቶቹ የራሳቸው ነው። ሥራው ዓመታት ፈጅቷል። እዚህ ላይ የሸረሪት ድር በእውነት አብሯል። ግን ልብ በሉ፣ ጨርቅ እንዲሆን መጀመሪያ ወደ ሸማኔ መሄድ ነበረበት።

ሸረሪቷን ማሳነሴ ግን አይደለም። ክብ ድር የሚሠሩትን ዓይነቶች ያየ ሰው የቃሉ ውሰት ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ይገባዋል። ሸረሪቷ በመጀመሪያ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ ክሮችን ትወጥራለች። እነዚህ አያጣብቁም፤ ራሷም የምትረማመደው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያጣብቀውን ክር ከዳር ጀምራ ወደ መሃል እየዞረች ትጥልበታለች። ነፍሳት የሚያዙት በዚህኛው ነው። የመጀመሪያው ተወጥሮ ይሸከማል፤ ሁለተኛው በላዩ ይሞላል። ድርና ማግ ካልሆኑ ምንድን ናቸው? ብዙዎቹ ደግሞ ያረጀውን ድር ራሳቸው በልተው በአዲስ ይተካሉ። ይህን ያስተዋለ አንድ የጥንት ሰው "ሸረሪቷም ታደራለች" ቢል አይገርምም።

ወደ ቴክኖሎጂው ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ቃሉ በየቀኑ እየተበላሸ ነውና። ብዙ ማስታወቂያ፣ አንዳንድ ጊዜም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ "ድህረ ገጽ" ብሎ ይጽፋል። "ድህረ" ማለት "በኋላ" ማለት ነው፤ የ"ቅድመ" ተቃራኒ። ድህረ ምረቃ፣ ድህረ ጦርነት እንላለን። "ድህረ ገጽ" ካልን ከገጹ በኋላ ያለ ነገር ማለታችን ነው። እንግዲያውስ ቅድመ ገጹ የት አለ?

ትክክለኛው "ድረ ገጽ" ነው። አሠራሩ የግእዝ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ፊደሉን ወደ ግእዝ ድምፅ ይለውጥና ከሁለተኛው ጋር ይናበባል። እግር እግረ መንገድ ሆኗል። ባሕር ባሕረ ሰላጤ ሆኗል። ድርም ድረ ገጽ። ትርጉሙ የድር ገጽ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ሁለቱ ሲነገሩ ይቀራረባሉ። ከተሜው ደግሞ "ድህረ"ን ከትምህርት ቤት ያውቀዋል፤ ድር ሲዘረጋ ግን አላየም። ሽመናው ከዓይናችን ሲርቅ ቃሉ አብሮ ራቀን።

"በይነ መረብ"ንም ከድረ ገጽ ጋር ማምታታት የለብንም። መረብ የዓሣ አጥማጁ ነው፤ ቋጠሮ ከቋጠሮ የተያያዘበት። በይነ መረብ ኮምፒውተሮቹ የተያያዙበት መስመር ነው፤ ኢንተርኔት የምንለው። ድር ግን በዚያ መስመር ላይ የተዘረጉት፣ በሊንክ አንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ገጾች ናቸው። የዚህ ድር፣ በእንግሊዝኛው የ"ዌብ"፣ ፈልሳፊ ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ሳለ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ኮምፒውተሮች ግን ከዚያ በፊትም በመስመር ይገናኙ ነበር። የሚገርመው፣ በመጀመሪያ ጽሑፉ የተጠቀመበት ቃል "ሜሽ" ነበር፤ ወደ መረብ የሚጠጋ። "ዌብ" የሚለውን የመረጠው በኋላ ነው። እኛም "ድር"ን ስንመርጥ መረብን ለኢንተርኔቱ ማስቀረታችን ጥሩ አደረግን። ቴሌግራም ላይ መልእክት ስትልኩ በይነ መረቡን እየተጠቀማችሁ ነው፤ ድረ ገጽ ግን አልከፈታችሁም።

ጓደኛዬ "ዌብሳይቱን ላክልኝ" ቢለኝ ቅር አይለኝም። ንግግር ነው፤ ሁላችንም እንለዋለን። ስንጽፍ ግን ያቺ "ህ" ትውጣ። በተለይ ለተማሪ የሚጽፍ፣ በሬዲዮ የሚያነብ፣ የተቋም አድራሻ በትልቁ ሰሌዳ ላይ የሚያሳትም ሰው ይጠንቀቅላት። ሰሌዳው አንዴ ከተሰቀለ በየቀኑ ስንት ልጅ እያነበበው እንደሚያልፍ አስቡት።