የቦሎና የመድን ቀን በስልክ ስከታተል ተሳሳትኩ፤ እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት?

የሳቢያኗ፦

ሰላም የድሬ ልጆች። ሦስት ከነተሳቢ የጭነት መኪናዎች አሉን። እስካለፈው ዓመት የሚያስተዳድራቸው አባቴ ነበር። ዓይኑ ሲደክም ሥራው ወደ እኔ ዞረ።

አባቴ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ቢሮው ግድግዳ ላይ ካላንደር ነበረው። የቦሎውን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑን፣ የሾፌሮቹን መንጃ ፈቃድ ቀን በቀይ እስክሪብቶ ይከባል። አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም። እኔ ስረከብ ሁሉን ወደ ስልኬ አዛወርኩና ካላንደሩን አወረድኩት።

የአንዱ መኪና ዓመታዊ ምርመራ የሚያበቃው ሚያዝያ 10 ነበር። ስልኬ ላይ 10/8 ብዬ አስገባሁ። ስልኩ ኦገስት 10 ብሎ ያዘው። በእኛ ነሐሴ 4 ማለት ነው! ሚያዝያ 24 መኪናው 400 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ጅግጅጋ ሲሄድ፣ ሐረርን እንዳለፈ ትራፊክ አስቆመው። እዚያው አደረ። ሌሊት ዝናብ ጣለ። የተሳቢው ሸራ ጥጉ ላይ ተቀዶ ኖሯል። ጠዋት ስደርስ ሾፌሩ የራሱን ብርድ ልብስ ከረጢቶቹ ላይ አልብሶ፣ እሱ በሸሚዝ ቆሞ አገኘሁት። ጥጉ ላይ የነበሩት 11 ከረጢቶች ውሃ ጠጥተዋል። የከረጢቶቹን ዋጋ ከፈልኩ። የልጁን ፊት ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

አሁን አንድ ሻጭ ጂፒኤስም ማስታወሻም ያለው ሲስተም ግዢ ይለኛል። ለሦስት መኪና ወጪው ቀላል አይደለም። ይሄ ነገር በእርግጥ ያድናል?

ከበርሚንግሃም የተመለሰ፦

እህቴ፣ እንግሊዝ አገር የጭነት ድርጅት ቢሮ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ይሄው ነበር።

እዚያ ከ3.5 ቶን በላይ በሚመዝን መኪና ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ኦፕሬተር ላይሰንስ የሚባል የማጓጓዝ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ትራፊክ ኮሚሽነር የሚባል ባለሥልጣን ነው። ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት መኪናውን ዞሮ ያያል። እንከን ካገኘ ስልኩ ላይ መዝግቦ ከነፎቶው ይልካል። ማን እንደጠገነው፣ መቼ እንደጠገነው እዚያው ላይ ይጻፋል። የጥገናው መዝገብ ቢያንስ 15 ወር ይቀመጣል። የመንዳት ሰዓቱን መኪናው ላይ የተገጠመ ታኮግራፍ የሚባል መሣሪያ ይመዘግባል፤ 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ያርፋል። ሾፌሩ ታኮግራፉ ውስጥ የሚያስገባው ካርድ ቢበዛ በ28 ቀን፣ የመኪናው መረጃ ደግሞ ቢበዛ በ90 ቀን አንዴ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳይሻል። ቀኑ ሲቃረብ ቢጫ፣ ሲያልፍ ቀይ ይሆናል።

ግን አንዴ የገጠመንን ልንገርሽ። ማስታወሻው የሚደርሰው ሥራ በለቀቀች ሴት ኢሜይል ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀዩን ያየ ሰው አልነበረም። ላይሰንሱ የድርጅቱ ስለሆነ ሲስተሙ አላስታወሰኝም ብሎ ማምለጥ የለም። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቂው፤ አንቺ ብትታመሚ ማስታወሻው ለማን ይሄዳል? የአባትሽ ካላንደር እኮ ቢሮው የገባ ሰው ሁሉ ያየው ነበር።

የደንገጎ ሾፌር፦

አቦ እኔም ልናገር። 14 ዓመት ነድቻለሁ። አንድ ባለንብረት ጋ ስሠራ የስልክ መቆጣጠሪያ አመጡልን። ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት፣ ዘይት እያለ ይጠይቃል። መጀመሪያ በደንብ እሞላ ነበር። አንድ ቀን የፍሬን ሸራው አልቋል ብዬ ጻፍኩ። ደውለው “ይህቺን ቢያጆ ጨርሰህ ና” አሉኝ። ከሐረር ወደ ድሬ ስመለስ የደንገጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እየጎተትኩ ወረድኩ። ከታች ስደርስ ቸርኬው አካባቢ እጅ አያስጠጋም፤ ሽታው ለብቻው ነው። ከዚያ ወዲያ ሁሉንም “ደህና” እያልኩ መላክ ጀመርኩ። ልክ አልነበርኩም፣ አውቃለሁ። ግን ጽፌ ካልተሰማሁ ለምን እጽፋለሁ?

እህቴ፣ ሲስተም ከገዛሽ “ይቁም” የሚል መልስ ለመስጠት ተዘጋጂ። ደግሞ ዝም ብሎ ምልክት አታስደርጊያቸው። ዛሬ የኋላ ግራ ጎማ ዳዶ፣ ነገ የተሳቢው ሸራ እያልሽ ፎቶ ጠይቂ። መጻፍ የሚከብደው ሾፌር በቴሌግራም ድምፁን ይላክ። ለዚያ ብርድ ልብሱን ላወጣው ልጅ አዲስ ግዢለት።

የለገሃሬ ሒሳብ ሠራተኛ፦

ለሦስት መኪና ሲስተም አትግዢ። አሥር ሲሞሉ ትገዢያለሽ። ጎግል ሺት የሚባለው የኢንተርኔት ሠንጠረዥ ይበቃሻል፣ በነጻ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰነድ አንድ መስመር ስጪው። ቀኑን ሁለት ቦታ ጻፊ፤ በእኛም በፈረንጅም። ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስሙ ጻፊ፤ “ሚያዝያ 10” ወይም “ኤፕሪል 18”። ያንቺ ስህተት የመጣው ከቁጥሩ ነው። ጂቡቲ የሚወርድ መኪና ካለሽ የኮሜሳ ቢጫ ካርዱም (ድንበር ተሻግሮ የሚሠራው የሦስተኛ ወገን መድን) የራሱ መስመር ይኑረው። የንግድ ፈቃዱንም አትርሺ፤ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ማስታወሻው ከ30 ቀን፣ ከ15 ቀንና ከ7 ቀን በፊት ይምጣ። ላንቺ ብቻ ሳይሆን ለሾፌሩም ይድረሰው። የሊብሬውንና የመድኑን ፎቶ እዚያው አያይዢው።

ጂፒኤሱ ሌላ ጉዳይ ነው። መኪናው የት እንዳለና በስንት እንደሚሄድ ይነግርሻል። ቦሎው ማለፉን ግን ካልሞላሽለት ከየት ያውቃል?

የሳቢያኗ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ሺቱን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሠራነው። ማስታወሻው ለእኔ፣ ለእሱና ለየመኪናው ሾፌር ይደርሳል። ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስናይ የሁለተኛው መኪና መድን 9 ቀን ብቻ እንደቀረው አገኘን! ዛሬ ጠዋት ታድሷል። ለሾፌሮቹ ደግሞ መኪና ይቁም ካላችሁ ይቆማል አልኳቸው። አንደኛው ወዲያው የተሳቢውን ጎማ ፎቶ ላከ፤ ጎኑ ተሰንጥቋል። መኪናው አሁን ጎሚስታ ቤት ነው።

ብርድ ልብሱን ገዛሁለት። ካላንደሩንም ከመጋዘን አውጥቼ ቦታው ሰቀልኩት። አባቴ ቀረብ ብሎ በእጁ ዳበሰውና ቀዩን እስክሪብቶ የት እንዳደረግኩት ጠየቀኝ።