ይህ የትርጉም ልብ ወለድ የመጀመሪያ እትም ነው?

ጦሳ ሥር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጋ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ አለ። «የመጀመሪያ እትም ነው» ብሎ ዋጋውን ሰቅሎታል። መቅድሙ ሥር «ነሐሴ 1979 ዓ.ም.» ይላል፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም። የኋላ ሽፋኑ ላይ በ011 የሚጀምር የአሳታሚ ስልክ አለ። ወረቀቱ ንጹሕ ነጭ ነው። ልግዛው? ከገዛሁትስ በደሴ ክረምት እርጥበት እንዳይበላሽ እንዴት ልያዘው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
በዚያ ዋጋ አትግዛው ወንድሜ። ስልኩ አጋልጦታል፤ 011 የመጣው በ1998 መጀመሪያ ነው፣ ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ቁጥር ባለ ስድስት አኃዝ ነበር። የመቅድም ቀን ማስረጃ አይሆንም፤ ተርጓሚው የጻፈበት ቀን ስለሆነ በየእትሙ እንዳለ ይገለበጣል። በ978 የሚጀምር ባለ 13 አኃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ካየህም ያው ነው፣ እሱ ሥራ ላይ የዋለው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

«የመጀመሪያ እትም» አለማለቱ ግን አያስጠረጥርም፤ ያኔ ብዙዎቹ አይጽፉትም ነበር። ገጹን ከጀርባው በጣትህ ዳስሰው፤ በብረት ፊደል የታተመ ከሆነ ይጎረብጣል። ለስላሳ ከሆነ ግን አትፍረድበት፣ ኦፍሴት የሚባለው ወረቀቱን ሳያጎረብጥ የሚያትም ዘዴም ያኔ ነበረ።

ሐይቅ ዳር
አትቸኩሉ። ሳይሸጥ የቆየ ጥራዝ በኋላ አዲስ ሽፋን ሊለብስ ይችላል። 011 ውስጥ ገጹ ላይም አለ ወይ? እኔን ይበልጥ የሚያጠራጥረኝ ወረቀቱ ነው። የያኔው ርካሽ ወረቀት ከጠርዙ ወደ መሐል እየገባ ይቢጫል፤ ዳር እስከ ዳር ነጭ ከሆነ ለ1979 ይከብዳል። የፊደሉ ጠርዝ አብጦ፣ መስመሩ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ፎቶኮፒ ነው። የመጨረሻዎቹን ገጾች ቁጠር፤ በሙጫ ብቻ የተጠረዘ መጽሐፍ መጀመሪያ የሚጥለው እነሱን ነው።

የማያሻማ የመጀመሪያ እትም ካማረህ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የወጣውን «ኦሮማይ» ፈልግ። የእንግሊዝኛ አሳታሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የቁጥር ረድፍ ያትማሉ፤ በረድፉ ውስጥ 1 ካለ የመጀመሪያው ኅትመት ነው።

ጦሳ ሥር
ውስጥ ገጹንም አየሁት፣ 011 እዚያም አለ። ተውኩት። የሌሎቹ መጻሕፍቴ የክረምት ነገርስ?

ቦርከና
አብሽር፣ ክረምቱ ይቻላል። መደርደሪያውን ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ የታችኛውን ረድፍ ባዶ ተወው። የክፍሉ አየር እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል፤ ስለዚህ መጻሕፍቱን አጥብቀህ አትደርድር፣ ርጥብ መጽሐፍም በፕላስቲክ አታሽግ። የሻገተውን ጥላ ሥር አድርቀህ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ ጥረገው፤ ርጥቡን ከጠረግከው ወረቀቱ ውስጥ ትቀባዋለህ። ብል ከገባበት ደረቁን መጽሐፍ በፕላስቲክ አሽገህ ፍሪዘር ውስጥ በ-18 ዲግሪ ሁለት ሳምንት አቆየው፣ ስታወጣውም አንድ ቀን ሙሉ ሳትፈታው ይሙቅ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ፕላስተር አታስጠጋው፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል።